የሩቁን ኮምፒውተር ያጠፋችው ጸሐፊ

ሕዝብ ሆይ! በሦስተኛው ፎቅ ከሽንት ቤቱ አጠገብ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የመሥሪያ ቤቱ ጠላት መሆኗ ታውጇል። ወንጀሏም የአለቃዋን ትዕዛዝ መፈጸሟ ነው።

መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ሁሉ ያስቀመጠው ክላውድ ላይ በተከራየው ኮምፒውተር ነው። የት አገር እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። እሷ ከጠረጴዛዋ ሆና በኢንተርኔት ትገባበታለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ ሳታጠፋው ትወጣለች። አለቃው ግን መብራት እቆጥባለሁ ብሎ «ኮምፒውተር ሳያጠፋ የሚወጣ ይቀጣል» የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ለጠፈ።

«ጋሼ፣ የሩቁን ካጠፋሁት ነገ ማን ያበራዋል? ማብሪያው እኛ ጋ የለም እኮ።»

«ሩቅ ስለሆነ መብራት አይበላም? አጥፊ ተብለሻል፣ አጥፊ! መሐንዲስ ሆነሽ ሞተሻል!»

አጠፋችው። በማግስቱ መዝገቡ አልከፈት ብሎ ባለጉዳይ ደረጃውን ሞልቶ ሲጮህ፣ አለቃው ምንም ሳያፍር «እኔ እዚህ ያለውን ነው ያልኩት» አለ። ማስታወቂያዎቹንም አንድ በአንድ እየገነጠለ ኪሱ ከተተ። ያቅለሸልሻል! አንድ ሙሉ ሰው ከነከረባቱ ከራሱ ወረቀት ሲሸሽ ማየት ያቅለሸልሻል።

አሁን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፊቷ ዘርግቶ «ጥፋቴን አምናለሁ በይና ፈርሚ» እያላት ነው። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያዋ ስለሆነ ከፈረመች ከሥራ ትባረራለች። እሷም እስክሪብቶውን አንስታለች። አንባቢ ሆይ፣ እባክህ ያን እስክሪብቶ ከእጇ ተቀበልና ለሰውዬው ስጠው፤ ጥፋቱን አምኖ እሱ ይፈርም!