ሰላምታው ላይ የሚቆመው ቪዲዮ

ይህ የሆነው ባሌ ውስጥ ኢንተርኔት መጣ ሲባል የሚጠፋበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ያቺን ቀን ያልረሳኋት ዛሬም ሰው የሠራሁትን ነገር ፊቴ ሲከፍት ስለሚያቅበጠብጠኝ ነው።

ሮቤ ውስጥ ሞባይል እየጠገንኩ ኮድ መጻፍ ለብቻዬ ተምሬ ነበር። ገሰራ ወረዳ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ የሚያሳዩ የኦሮምኛ ቪዲዮዎች በስልክ የሚያጫውት መተግበሪያ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቪዲዮዎቹን እዚያው ስልኩ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ማጫወቻውን ከባዶ አልጻፍኩትም። ሌሎች ሠርተው በነጻ የለቀቁትን ዝግጁ የኮድ ጥቅል፣ ላይብረሪ የሚሉትን፣ አስገባሁ። ቁልፉንም ቀለሙንም እንደፈለጉ መቀየር ያስችላል። እኔም እንዲያምር ብዬ ቁልፎቹ ወዲያው ከዓይን እንዲጠፉ አደረግኩ።

ለሙከራ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ስሄድ ዋግ ጎረቤት ቀበሌ መግባቱ ተሰምቶ ነበር። ማሳ ቢጫ ሲሆን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያኔ ግን መርጨቱ ብዙም አያድንም። ቪዲዮው የሚያሳየው ገና ሲጀምር ያለውን ምልክት ነው።

«ሐጂ ካልተቀበሉት ማንም አይነካውም» አለኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ሐጂ አማን የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚሰማቸው አዛውንት ገበሬ ናቸው።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ነኩት። ቪዲዮው ላይ የሚያስረዳው የግብርና ባለሙያ ብቅ ብሎ «አሰላሙ አለይኩም! አከም ጅርቱ?» ብሎ ደኅንነታቸውን ጠየቀ።

«ወአለይኩሙ ሰላም! ነጋ? ፈያ? ልጆቹ ደኅና? ከብቱስ?» ማለት ጀመሩ ሐጂ። ባለሙያው ግን ስለ ቅጠል እያወራ ነበር። ሐጂ ሊያስቆሙት ጣታቸውን ወዲያ ወዲህ አንከራተቱ። ቁልፉ የለም።

ስልኩን መለሱልኝ። «ቪዲዮ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሰላምታ ግን ከየትም ይምጣ ይመለሳል። ይሄ ሰውዬ መልሴን እንኳ አልጠበቀም!»

የተሰበሰቡት ገበሬዎች ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለመቀበል እጁን የዘረጋ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ሌላ ጊዜ እንዳመጣው ነገረኝ። ሌላ ጊዜ ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

ሰዎቹ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ሲወጡ ላፕቶፔን ከፈትኩ። መብራት የለም፣ ባትሪው እያለቀ ነው። ቪዲዮው ልክ ሰላምታው ላይ ራሱ እንዲቆም ጻፍኩ። ከሥር አንድ ትልቅ የማይጠፋ ቁልፍ ጨመርኩ። ላፕቶፑ መተግበሪያውን እንደ አዲስ አዘጋጅቶ እስኪጨርስ መቀመጥ አቅቶኝ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ። አዲሱ መተግበሪያ ስልኩ ላይ እንደተጫነ ላፕቶፑ ጠፋ።

ሐጂ ሲመለሱ እንዲሞክሩልኝ ለመንኳቸው። ባለሙያው ሰላም ብሎ ቀጥ አለ። ተበላሸ ይሉኛል ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ ሐጂ፣ ከዚያም ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቁ።

«ሐጂ፣ ለስልክ ነው እንዴ?» ብሎ ሊቀመንበሩ ሳቀ።

«ዝም በል! እሱ እንኳ እየጠበቀኝ ነው።»

«ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን ነኩ። ጥቂት እንዳዩ መልሰው አቆሙት። ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን ፈዛዛ ቢጫ መስመር ያለበት ቅጠል ነበር።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይሄ ውርጭ የመታው አይደለም?»

«አይደለም ሐጂ። ዋግ ነው፣ ገና ሲጀምር።»

«እኔ ማሳ ታችኛው ጥግ ላይ አለ። ጠዋት አይቼ ውርጭ ነው ብዬ ተውኩት።» ስልኬን እንደያዙ ተነሥተው ወጡ። ተከተልናቸው። ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ከስክሪኑ አጠገብ ያዙት። አንድ ነው። ያኔውኑ መርጫ ይዞ እንዲመጣ ልጃቸውን ጠሩት።

ስንዴያቸው ተረፈ። ማኅበሩም መተግበሪያውን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አሻሽያለሁ፤ ያቺን ማቆሚያ ግን አልነካኋትም። ቪዲዮው ሰላምታው ላይ በቆመ ቁጥር አሁንም ተነሥቼ እመላለሳለሁ። የማኅበሩ ወጣቶች «ቀጥ አለኮ፣ አስተካክለው» ይሉኛል።

«አልተበላሸም» እላቸዋለሁ። «መልስ እየጠበቀ ነው።»