ደሴ ዘንቧል ወይ?

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ይደውሉልኝ ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ደሴ ዘንቧል ወይ?"

ቅዳሜ ልጄ ሐያት እርሳቸው ጋ ትውላለች። ከደሴ በሚወርደው ወንዝ፣ እጃቸውን ከሆዷ ሥር ዘርግተው ዋና ያስተምሯታል። እኛ ጋ ሲዘንብ ጎርፉ ኮምቦልቻ የሚደርሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ስለዚህ እኔን ሳይጠይቁ ልጅ ውሃ አያስገቡም።

አንድ ቀን ወጥ እያማሰልኩ፣ "የለም አባባ፣ ደረቅ ነው" አልኳቸው።

"በዓይንሽ አይተሽ ነው ወይስ ልትገላገይኝ?"

አፍሬ ወደ ደጅ ወጣሁ። የጦሳ ተራራ በዝናብ ተሸፍኖ አይታይም።

"አባባ፣ እንዳትገቡ!"

አልገቡም። ሐያትን ከፍ ካለው ዳር አቁመው ጎርፉ ሲመጣ አሳዩዋት። "ውሃን አትፍሪው፤ ሳትጠይቂ ግን አትግቢበት" አሏት።

እርሳቸው ካለፉ ወዲህ ቅዳሜ መቀመጥ አቃተኝ። ስልኬን ይዤ እወጣለሁ፣ ጦሳን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። የሚጠይቀኝ የለም።

ያለፈው ቅዳሜ ሐያት ከወንድሜ ጋር ኮምቦልቻ ወርዳ ነበር። ስልኬ ጮኸ።

"እማዬ፣ ደሴ ዘንቧል ወይ?"

"የለም ልጄ።"

"በዓይንሽ አይተሽ ነው?"

አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ በልቤ።

"እያየሁት ነው" አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆሜ ነበር።