በሾፌሩ በኩል ያለው ታኮ

ወሬው የደረሰኝ ረቡዕ ቀን፣ ከምሠራበት ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ቆሜ የተቀደደ የጠመኔ ካርቶን በፕላስተር ሳጣብቅ ነው። የደወለችው ጎንደር ያለችው የወንድሜ ሚስት ናት። ከጎንደር እስከ ጅግጅጋ ድምፁ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሰማሁት «አያ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀጥላ «አረፉ» አለች።

«የትኛው አያ?» አልኋት፣ አውቄው ሳለ።

«የእናንተ ደንበኛ ናቸዋ፣ ባለ አሮጌዋ ፒክአፕ። ወደ ዛሪማ ሲወርዱ ማኪናዋ ከመንገድ ወጣች። የተሳፈሩት ተርፈዋል፣ እመብርሃን ትመስገን። ከሥር የሆነ ነገር ተሰብሮ ነው ይላሉ።»

«በየት በኩል?»

«ምን በየት በኩል?»

«የተሰበረው። በሾፌሩ በኩል ነው ወይስ በወዲያኛው?»

 «አንች፣ ሰው ሞተ እየተባልሽ ስለ ብረት ትጠይቂያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስልኩም ተቋረጠ።

የጠየቅሁበት ምክንያት ግን አለኝ።

አባቴ ጎንደር ውስጥ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የብየዳ ቤት ነበረው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ሰው የሚያውቀው ግን አሮጌ ፒክአፖችን ከፍ በማድረግ ነው። ጉልበቷ የኋላ ጎማዎቿ ላይ ብቻ የሆነ ፒክአፕ ለአስፋልት የተሠራች ናት፤ ሆዷ ለመሬት ቅርብ ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ወዳለው ኮረኮንች ስትገባ ድንጋዩ ሆዷን ይልጠዋል። አራቱም ጎማ የሚስብላትን መግዛት ያልቻለ ሰው ታዲያ እኛ ዘንድ ይመጣል። ከፊት በጥምዝምዙ ሞላ ላይ የሚደረብ ቀለበት፣ ከኋላ ደግሞ ጭነቱን በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት በባሌስትራውና ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስል መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ሣጥን እንሠራለን። ይህን የኋላውን በቤታችን ታኮ ነበር የምንለው፤ እንደ ጫማ ታኮ ባለቤቱን ያስረዝማላ።

ሁለት አሮጌ ማኪናዎች እኩል አይጎብጡም። የአንዷ ባሌስትራ በቀኝ ይደክማል፣ የሌላዋ በግራ። ስለዚህ እያንዳንዷን ባዶዋን፣ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ መለካት ግድ ነው። መለካቱ የኔ ሥራ ነበር። የአባቴን ዓይን የብየዳው ብርሃን እያዳከመው ሲሄድ መበየዱም ወደ እኔ መጣ። ሠፈሩ «ሴት ልጅ ማኪና ሥር ተኝታ» እያለ ትንሽ አወራና ተወው። አባቴ ለሚጠይቀው ሁሉ «እሷ ጠንቃቃ ናት» ነበር መልሱ። ከዚያ በላይ አሞግሶኝ አያውቅም።

አባቴ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ የተበየደ ታኮ በደረቅ አመድ ተቀብሮ ያድራል። ቀስ ብሎ ካልበረደ፣ በተለይ ውኃ ካገኘው፣ ብየዳው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። ሁለተኛው፣ የበዓል ዋዜማ ደወል ከተደወለ በኋላ ብረት አይነካም። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ መጠበቅ የሚያቅትበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያ ቀን የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። አያ በማግስቱ ለንግሡ ካህናትን፣ ሽማግሌዎችንና ከበሮ ጭነው ወደ አንድ የገጠር ደብር ሊሄዱ ቃል ገብተዋል። የቀኙ ታኮ አመድ ውስጥ አድሮ ወጥቶ ተገጥሟል። የግራው፣ በሾፌሩ በኩል የሚገባው ማለት ነው፣ ብረት አልቆብን ስለነበር ገና ከሰዓት በኋላ መበየዱ ነው። አባቴ ለዋዜማው ቀድሞ ሄዷል። ያለነው እኔና አያ ብቻ ነን።

«አያ፣ የግራው ገና አልበረደም። ነገ ማለዳ ይምጡና እንግጠመው» አልኋቸው።

«ነገ ሚካኤል ነው። አባትሽ በሚካኤል መፍቻ ሲያነሳ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔስ በበዓል ቀን ቡሎን የጠበቀባትን ማኪና ካህናት ላሳፍርባት?»

«እንግዲያ ከነገ ወዲያ።»

«ከነገ ወዲያማ ጠላው ያልቃል።» ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ባንድ እግሯ ረዝማ ባንድ እግሯ አጥራ ትሂድ? ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተንሸራተው አንድ ጥግ ላይ ነው የሚከመሩ።»

እኔም ሳቅሁ። ፀሐይዋን አየሁ፤ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ነው የቀረው። እምቢ ብል ያ ሁሉ ሰው ከንግሡ ይቀራል። ነገ እገጥማለሁ ብል በዓል መሻር ነው። አመዱን ጫርሁና ታኮውን በጉጠት አወጣሁት። ባልዲ ውኃ አጠገቤ ነበር። ከተትሁት። ብረቱ ሲጮህ አያ «ሸጋ፣ ይጠጣ» አሉ።

ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ እዚህ ላይ አልጽፍም።

ማኪናዋን በክሪክ አነሳናት፣ ታኮውን አስገባሁ፣ የመጨረሻውን ዳዶ ሳጠብቅ ደወሉ ተደወለ። አያ ግንባሬን ስመው «እግዜር ይስጥሽ፣ በዓሉንም እኛንም አላስቀየምሽ» ብለውኝ ሄዱ። ያን ማታ ቤተ ክርስቲያን ስቆም ደስ ብሎኝ ነበር። በዓል አልሻርሁማ። አባቴም ታኮው አመድ ውስጥ አድሮ እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔ ጠንቃቃ ነኝ።

አያ ከንግሡ በሰላም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ባለፉት ዓመታት በራችን ላይ ባለፉ ቁጥር ክላክስ ያደርጋሉ፣ ይቆማሉ፣ አባቴን ይተርቡታል። እኔ ጤናቸውን እየጠየቅሁ ዓይኔ ከኋላ ጎማው ሥር ነው። ምንም አይታይም። አባቴ ሲያርፍ አስከሬኑን ወደ ደብሩ የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ ያን ቀን እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሬሳው ሳጥን ይልቅ ታኮውን ነበር የማየው።

የብየዳ ቤቱን ወንድሜ አከራየው፤ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። እኔ ሥራ አግኝቼ ጅግጅጋ መጣሁ። በአንድ የፋሲካ ማግስት ስልክ ደውዬላቸው ነበር።

«የሠራሽልኝ ማኪና አሁንም ከፍ እንዳለች ናት» አሉኝ።

«አያ፣ የግራውን ታኮ ለሰው ያሳዩት። አስፈትተው ያስቀይሩት።»

«የግራው ምን ሆነ? ከቀኙ ይሻላል እሱ። አንች ናፍቆት ይዞሽ ነው፣ ነይና ራስሽ ፍች።»

ለምን እንደምለምናቸው ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። «እሺ፣ በደህና ይክረሙ» ብዬ ዘጋሁት። ከባልዲው ይልቅ ይህ ነው የሚከብደኝ።

ወሬውን የሰማሁ ለት ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። አንዲት የማኅበራችን ሴት «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

«የአገሬ ሰው።»

«ምንሽ ናቸው?»

ምን ልበል? ዘመድ አይደሉ፣ ጎረቤት አይደሉ። «ደንበኛችን ነበሩ» አልኋት። ደግ ሴት ናት፣ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ሄደች። ለደንበኛ ማንም ለቅሶ አይደርስም። ቤቴ ገብቼ ምንጣፌን አነጠፍሁና ብቻዬን ተቀመጥሁ። አከራዬ የሶማሌ ሴት ናቸው፤ በሩ ተከፍቶ እኔ መሬት ላይ መቀመጤን አይተው ወተት አመጡልኝ። ወቅቱ ጾም ነበርና አልጠጣሁትም። ይህን ለማስረዳት ቋንቋው አልበቃኝም። እሳቸውም የናቅኋቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ለቅሶ ልሄድ አሰብሁ፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋልና ቀረሁ። ወንድሜን ስለ ስብራቱ ጠየቅሁት፤ «እኔ አልነበርሁም፣ የሰማሁት የሰማሽውን ነው» አለኝ። የንስሐ አባቴ በስልክ «ቀኑ ደርሶ ነው ልጄ፣ ሳታውቂ ባደረግሽው አትጨነቂ» አሉኝ። አውቄ ነው አልኋቸው። ጸሎትና ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ስሰግድ ግን ለየትኛው ጥፋት እንደምሰግድ አላውቅም፤ ሰው ለመግደሌ ነው ወይስ ብረት ለማበላሸቴ?

ወደ ዛሪማ በሚወርደው ቁልቁለት ከአያ ጋር የተሳፈራችሁ፣ ማኪናዋን በገመድ የሳባችሁ፣ አያን ያወጣችሁ ሰዎች አላችሁ። ይህ ጽሑፍ ቢደርሳችሁ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሾፌሩ በኩል የኋላ ጎማው ከቦታው ወጥቶ ነበር ወይስ እንዳለ ነበር? ታኮው ተሰንጥቆ አይታችሁ ከሆነ ተሰንጥቆ ነበር በሉኝ። የተሰበረው ሌላ ከሆነ፣ ፍሬን ከሆነ፣ የመንገዱ ጠርዝ ከሆነ፣ እሱንም በሉኝ። ሩቅ አገር ናት ብላችሁ አታባብሉኝ። ያላያችሁትንም አትጨምሩልኝ። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።