ሦስተኛው ሲሊንደር

ጎረቤቴን ሰፈሩ በሙሉ «ብሎን» ይለዋል። ሥራ ላይ ሲሆን ሁለት ሦስት ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል፣ ሰላም ሲሉት በአፍንጫው «እም» ብሎ ነው የሚመልሰው። ዕድሜው አርባ አራት ነው፤ አላገባም። ከአባቱ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል። የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ፣ እነሱ ሲያስነጥሱ እኔ ከዚህ «ይማርህ» እላለሁ።

አባቱ ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ቮልስ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ መኪናዋም ለእሳቸው ተሰጥታ አብራቸው ጡረታ ወጣች። እኔ አናጢ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ትንሽ ነው። ሆኖም የሾፌሩን ጆሮ የማያውቅ ሰው በዚህ ሰፈር አልነበረም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ በአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን መኪና ሳያዩት «ይሄ ሰውዬ አንድ ካንዴላው ሞቷል» ይላሉ። ሰውዬው ዳገቱን ሳይጨርስ ይቆማል። የጋራዥ ሰዎች የቸገራቸውን ሞተር እያመጡ ያስደምጧቸው ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ይፈርዳሉ። ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ በመጨረሻም ከብርሃንና ከጥላ በቀር ሁሉም ጠፋባቸው። ብሎን በዚያን ጊዜ የውኃ ፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ የብረት ሠራተኛ ነበር። ሥራውን ለቀቀና ቤት ገባ። የግቢውን ግማሽ በቆርቆሮ ከድኖ ቮልስ መጠገን ጀመረ። ደንበኞቹ እነዚያው የድሮ ቮልሳቸውን እንደ ሽማግሌ ዘመድ የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከበሽተኛ መኪናው ጋር መጥቶ ቀኑን ሙሉ እያወራ ይውልና፣ ማታ መኪናውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል።

ብሎን አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ አለው፤ ቀለም ቀቢ ነው። ይህ ጓደኛው ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ የወደብ ከተማ፣ ለድሮ ቮልሶች ብቻ የሚሆን ጋራዥ ከፈተ። ላሜራውንና ቀለሙን እሱ፣ ሞተሩን ብሎን እንዲይዙ ተነጋገሩ። ብሎን ይህን ለአባቱ ሲነግር እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሾፌሩ አልከለከሉትም። ምግባቸውን የምታበስልላቸው የእህታቸው ልጅ ቅርብ ስለነበረች፣ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«መኪናዋን ውሰዳት፤ ያንተ ናት» አሉት። «ግን ሞተሯ ይንኳኳል። እኔ የነዳኋት መኪና መንገድ ላይ ተገትራ አትታይም። አስተካክላትና መርቄ እሸኝሃለሁ።»

ይህ ከተባለ ሰባት ዓመት ሆነ።

በአውቶቡስ መሄድ ይችል ነበር የሚል ይኖራል። ቀለም ቀቢውም በየጊዜው እንዲያ ይለው ነበር። ነገር ግን ብሎን ሳይመረቅ የሚወጣ ልጅ አይደለም፤ ደግሞም አንድ ሞተር አሸንፎት ጥሎት ሄደ መባልን አይፈልግም። ስለዚህ ጉድለቱን ፍለጋ ገባ።

የመጀመሪያውን ዓመት በቫልቭ ጨረሰው። የቮልስ ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ በፊት መሬት ላይ ተጋድሞ፣ የሞተሩን የጎን ክዳን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች ይገፋና ክፍተቱን በስስ ብረት ይለካል። ከዚያ ያስነሳዋል። ሾፌሩ ወንበራቸውን ከመኪናዋ ኋላ አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ያነሳሉ። «አጥፋው። ሦስተኛው ነው።»

ሦስተኛው ሲሊንደር ማለታቸው ነው። የቮልስ ሞተር በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች ደግሞ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል እየተባለ ሲታማ የኖረ ነው። ብሎን ፒስተኑን ቀየረ። ሾፌሩ ሦስተኛው ነው አሉ። ኩሽኔታውን ቀየረ፤ ሦስተኛው ነው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመው፤ ሦስተኛው ነው። ከከፈትኩት አይቀር እያለ ደግሞ ያሻሽላት ጀመር። ሲሊንደሮቹን በትልልቅ ተካ፤ በአንዱ ካርቡራቶር ፋንታ ሁለት ገጠመላት፤ የፊት ፍሬኗን ከአዲስ ሞዴል አምጥቶ ለወጠው፤ ጣሪያዋን ቀድዶ የሚጠቀለል ሸራ አለበሳት። ለበሩ የውስጥ ልባድ የሚሆነውን ስስ ጣውላ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። መኪናዋ ሠርጓ እንደማይደርስ ሙሽራ በየዓመቱ ታጌጣለች፤ ከግቢ ግን አትወጣም። የሰፈሩ ሰው በበሩ ሲያልፍ መርከብ ነው እንዴ የምትሠራው እያለ ይቀልድበታል። እሱም ብሎኑን ከከንፈሩ ሳያወጣ «እም» ይላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ብሎንም አልሰማውም። የሾፌሩን ጆሮ ግን ማን ይጠራጠራል? እሳቸው የሚሰሙትን እኛ ካልሰማን ጉድለቱ የእኛ ነው ብለን ነበር። አንድ ጊዜ ሾፌሩ ክንዴን ይዘው «አንተስ አልሰማኸውም?» ሲሉኝ «ትንሽ ይሰማል» አልኩ። ብሎን ቀና ብሎ አየኝ። በማግስቱ ሞተሩን እንደገና አወረደው።

ልብ ብንል ኖሮ ምልክቱ ፊታችን ነበር። ሾፌሩ የደንበኞችንም መኪና ያዳምጡ ነበር። ለሁሉም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ ትንሽ ይንኳኳል፣ ለከተማ ግን ይበቃል። እኛ ይህን የሚሉት ጥብቅ ሰው ስለሆኑ ነው ብለን ሳቅንበት።

ዘንድሮ ቀለም ቀቢው ደወለ። ሌላ ሞተረኛ ቦታውን እየጠየቀው እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ባዶ አድርጎ ሊጠብቅለት እንደማይችል ነገረው። ቅዳሜ ራሱ እንደሚመጣና ወይ አብረው እንደሚመለሱ፣ ወይ ቦታው ለዚያኛው ሰው እንደሚሆን ቆረጠለት። ብሎን ያን ሳምንት ሥራ አልተቀበለም። ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከተተ፤ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመኪናዋ የፊት ኮፈን ሥር አስቀመጠ። አርብ ዕለት ቫልቩን ለካ። ቅዳሜ ጠዋትም ለካ።

ቀለም ቀቢው በራሱ ቮልስ ደረሰና ከበር ውጭ አቆመ። ሾፌሩ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ እኔ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲዘምር ነው የሰማሁት። ሾፌሩ አንገታቸውን አዘነበሉ። ከዚያ እጃቸው ተነሳ።

ብሎን ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱ ጓደኛሞች ወደ እኔ ሥራ ቤት ገብተው ከጣውላ ክምር ላይ ተቀመጡ። ቀለም ቀቢው ሲጋራ ለኩሶ ረስቶ ያዘው። በመጨረሻ የእሱ ሞተር ተሠርቶ ገና ሁለት ወር እንዳልሞላው፣ አንድ ጉድለት እንደሌለበት ተናገረ። ሾፌሩ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። የቮልስን ሞተር የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ እጁ የለመደ ሰው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። የእሱን ሞተር በብሎን መኪና ላይ ገጥመው ለምን አያስደምጧቸውም?

«አባቴን ልፈትን?» አለ ብሎን።

«አባትህን ማን ፈተነ? ጆሯቸውን ነው።»

ብሎን ተነስቶ ክሪኩን ያዘ።

ሾፌሩ ሲተኙ የቀለም ቀቢውን መኪና በእጃችን ገፍተን አስገባን። ሁለቱ ሲሠሩ ማየት ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታ ነበር። አንዱ ገመድ ሲፈታ ሌላው ቱቦ ይነቅላል። ቤንዚኑ እንዳይፈስ ቱቦው ውስጥ እርሳስ ወተፉ፤ እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ የወሰደው ብሎን ነው። ሞተሩን በአሮጌ ጎማ ላይ አወረዱ፤ የቀለም ቀቢውን ጎትተው አምጥተው ገጠሙ። ከቤት ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። በዚያ ግቢ የብረት ድምፅ አዲስ ነገር ስላልሆነ ሾፌሩ አልጠረጠሩም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው ተቀመጡ። ብሎን አሁን አንድ ነገር እንደነካካና እንደገና እንዲያዳምጡለት ጠየቃቸው። ቁልፉን አዞረ።

ሾፌሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወትሮው ይልቅ ቆዩ።

«ተሻሽሏል» አሉ። የቀለም ቀቢው ፊት ፈካ። «ብቻ ሦስተኛው ያው ነው። እንዲያውም ፈጠን ብሏል።»

ቀለም ቀቢው ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ያዘ። ብሎን ግን አልሳቀም። ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ መጥቶ አባቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ አሁን ጠፍቷል። የሚንኳኳው ይሰማዎታል?»

«አዎ፣ ይሰማኛል» አሉ ሾፌሩ ምንም ሳይደንቃቸው። «ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነዋ።»

እውነታቸውን ነው፤ የጋለ ሞተር ሲጠፋ ብረቱ እየተኮማተረ ይንኳኳል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰሙት ድምፅ ነው።

«ማታስ፣ አልጋ ላይ?»

«ማታም ይሰማል። የኛ ብረት ቶሎ አይቀዘቅ...» አሉና አቆሙ።

እጃቸውን ቀስ አድርገው አንስተው ቀኝ ጆሯቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ግራውን። ሁለቱንም ሸፍነው ተቀመጡ። ፊታቸው ሲለወጥ እኔ ማየት ስላልቻልኩ አጥሩን አየሁ። ብሎን የሞተሩን መለዋወጥ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ይቅርታም ጠየቃቸው።

«ታዲያ ሰባት ዓመት ምን ስትፈታ ኖርክ?» አሉ ሾፌሩ። አልተቆጡም፤ ማወቅ የፈለጉ ነበር የሚመስሉት። ቀጥለው ፊታቸውን እኔ ወደ ቆምኩበት አዞሩ። «አንተም ሰምቻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አልሰማሁም። እርስዎን ማሳፈር መስሎኝ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ምርቃታቸውን ያን ጊዜ ሰጡ፦ ይቅናህ፣ መንገዱ የቀና ይሁን፣ መኪናዋ ደህና ናት፣ ሂድ አሉት። የመረቁት ሳያዳምጡ ነው። ከወንበራቸው ተነስተው ገቡ፤ ሬዲዮውንም ዘጉት።

ሞተሮቹ ወደየቤታቸው መመለስ ነበረባቸው። ጓደኛሞቹ መልሰው ገጠሙ። ቀለም ቀቢው የራሱን ጨርሶ እጁን በአሸዋና በሳሙና እየታጠበ፣ አሁን ከጨለማ በፊት መነሳት እንዳለባቸው ተናገረ። ሻንጣው መኪናዋ ውስጥ ነው። መንገዱ ክፍት ነው፤ ምርቃቱም ተገኝቷል። ብሎን የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀና መፍቻውን ይዞ ቆመ።

«አትጠብቀኝ» አለው።

ለቀለም ቀቢው ብሎን ያበደ መሰለው። ሰባት ዓመት ለዚህች ቀን አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ጉድለቱ ሞተሩ ላይ ቢሆን ጨርሼው እመጣ ነበር» አለ ብሎን። «ይሄ የሚያልቅ አይደለም። እስከ ዛሬ ዓይን ባይኖራቸው ጆሮ አላቸው ብዬ ነው ልሄድ የነበረው።»

ጓደኛው አባትየውን ይዘን እንሂድ አለ። ያንን ብሎን ቀድሞ ጠይቋቸው ነበር። ሾፌሩ ይህን ቤት በእጃቸው ነው የሚያውቁት፤ ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃሉ። ሌላ ቤት እንደገና ለመማር ዕድሜ የለኝም ብለውታል። ቀለም ቀቢው ተሳደበ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ አቅፎት ሄደ። የመኪናው ድምፅ ዳገቱን እስኪጨርስ ብሎን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሻንጣውን አውጥቶ ወደ ቤት አስገባ።

ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። ጆሮ ውስጥ የሚመታው የራሳቸው የልብ ምት ነው፤ ሲደነግጡም ሲነሱም የሚፈጥነው ለዚያ ነው። መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ድምፁ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ላይቀንስም እንደሚችል ነገራቸው። በየሳምንቱ እየተመላለሱ ይለካሉ። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ሞተር አያዳምጡም። ደንበኛ ሲመጣ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው በዚያችው ቮልስ ነው። ሁለት ካርቡራቶር፣ ትልልቅ ሲሊንደር፣ አዲስ ፍሬን ያላት መኪና፣ አባትየው እንዳይናወጡ በሁለተኛ ማርሽ ትሄዳለች። ብሎን ሲመለስ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጎ ያቆማታል። ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ብሎኖቹን ከአፉ አወጣና «ለመውጣት ይመቻል፣ ጋሼ» አለኝ።

የሚወጡት ሐሙስ ሐሙስ ነው። እስከ ሐኪም ቤቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም።