የመምህር ሎምበቦ የክርክር ሕግ

የታመመ ሰው ልትጠይቁ ሄዳችሁ፣ ታማሚው ገና መናገር ሲጀምር «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብላችሁ አቋርጣችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አቋርጫለሁ። ያቋረጥኳቸው ሰው በሆሳዕና ለረጅም ዘመን ሥነ ዜጋ ያስተማሩትና የትምህርት ቤታችንን የክርክር ክበብ የመሠረቱት መምህር ሎምበቦ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አርፈው በትውልድ ቀበሌያቸው፣ በሌሞ ወረዳ ተቀብረዋል። ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዛሬ እርሳቸው ባስተማሩበት ክፍል አስተምራለሁ።

ለማያውቋቸው ላስረዳ። በክበቡ አንድ ሕግ ነበር፤ ተከራካሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ይደግማል። ባላጋራው «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» ካላለ መልስ የለም። «ያልገባህን ሐሳብ አሸነፍኩ ብትል ማን ያምንሃል?» ይሉን ነበር። አማርኛ የሚያስቸግረውን ልጅ ደግሞ «በሀዲይኛ ተናገር፤ ሐሳቡ ይቅደም፣ ቋንቋው ይደርሳል» ብለው ራሳቸው ያስተረጉሙለት ነበር። ያ ልጅ አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ካንሰሩ እንደማይድን ሐኪሞች ነግረዋቸው ቤት በዋሉበት ሰሞን፣ ተማሪዎቼ አንድ የክርክር ርዕስ መረጡ፦ የማይድን በሽታ ያለበት ሰው ራሱ ከጠየቀ፣ ለመሞት ሐኪም እንዲረዳው ሕግ ይፍቀድ ወይስ አይፍቀድ? እኔ ደንግጬ ርዕሱን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሰረዝኩት። ወሬው ደረሳቸውና አስጠሩኝ።

«ርዕሱን ሰረዝከው አሉ?»

«እርስዎን እንዳያስከፋ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው በሽታዬንም በዚያው ብትሰርዝልኝ!» ብለው ሳቁ። ሳቁን ግን አልጨረሱትም፤ ወገባቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንዳንዴ ቶሎ ብሄድ እላለሁ» አሉኝ።

«ኧረ እንዲህ አይበሉ! እግዚአብሔር ይምርዎታል።»

«ሕጉን ጣስክ። መጀመሪያ ያልኩትን ድገም።»

«መሞት ይፈልጋሉ።»

«አላልኩም። እንደገና።»

«ሕመሙ በርትቶብዎት… ቢያበቃ ይመኛሉ።»

«አሁን ቀረብክ። ጠያቂው ሁሉ ይጸልይልኛል፤ ጸሎቱንም እወደዋለሁ። የቱ ጋ እንደሚያመኝ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አስቴር እንዳትሸበር ጥርሴን ነክሼ እውላለሁ።»

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። «አንተ ሰውዬ! ዝም ስትል የተሻለህ መስሎኝ አይደል?» ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ በባጃጅ ሄጄ የምትከታተላቸውን ነርስ አመጣሁ። ነርሷ የሰማችውን ለሐኪሙ ነገረችው፤ ማስታገሻውም ተቀየረ። በማግስቱ ስሄድ፣ እትዬ አስቴር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ተኝቷል» አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው የሰላም እንቅልፋቸው ነበር።

ክርክሩ በዚያው በሰረዝኩት ርዕስ ተካሄደ። መምህርም በባጃጅ፣ ትራስ ተደግፈው መጡ። «ይፈቀድ» የሚለውን ወገን የመራችው ምሕረት ስታያቸው ድምፅዋ ተቆረጠ። እርሳቸው ሐሳቧን ደገሙላት፦ «የታማሚው ሕይወት የራሱ ከሆነ፣ ስቃዩ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚወስነውም እርሱ ነው ትያለሽ። አይደል?» «አዎ፣ መምህር።» ወደ ሌላው ወገን ዞሩ፦ «እናንተ ደግሞ፣ ሕይወት የፈጣሪ ናት፤ ድሃውም ለቤተሰቡ ሸክም ላለመሆን ሲል ብቻ ሞትን ሊጠይቅ ይችላል ትላላችሁ።» «አዎ!»

«እርስዎስ?» አለች ምሕረት።

«እኔ አይፈቀድ ባይ ነኝ። ነገር ግን የታማሚውን ስቃይ ሳታስታግሱ ‹አይፈቀድ› ብቻ ካላችሁ፣ ምሕረት ታሸንፋችኋለች፤ ማሸነፍም ይገባታል።»

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በመምህሬ ኮርቼ አላውቅም።

ጋሼ፣ ርዕሱ ሰሌዳው ላይ በእጄ ተመልሶ ተጽፏል፤ ክርክሩም አላለቀም። ሕግዎን የሚጥስ ተማሪ ካገኘሁ እንደ እርስዎ «ድገም» እለዋለሁ። ጥርስዎን ሳይነክሱ ይረፉ።

እናንተም አንባቢዎች፣ በዚህ ሳምንት የምትጠይቁት ታማሚ ካለ አንድ ጊዜ ሞክሩት። «አይዞህ» ከማለታችሁ በፊት የቱ ጋ እንደሚያመው ጠይቁት፤ የነገራችሁን ድገሙለት፤ «አዎ» እስኪላችሁም ጠብቁ።