የቲቸር አለምነሽ ካሴት

ትናንት ቦንጋ መናኸሪያ አንዲት ቱሪስት ጓደኛዋን «ቦኢ!» ብላ ስትጠራ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ዕብራይስጥ ነው፣ «ነይ» ማለት። እኔ ይህን የተማርኩት በስምንት ዓመቴ ነው።

ቲቸር አለምነሽ ከጎንደር ተመድበው የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ የእኛን ጓሮ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እናታቸው ቀድመው እስራኤል ገብተዋል። ከትምህርት ቤት መልስ የዕብራይስጥ መማሪያ ካሴታቸውን ቴፕ ውስጥ ከተው ይከፍቱታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ይጨምሩና ሁለታችን ካሴቱን እየተከተልን እንጮሃለን። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ፣ ደብተራቸውን የሚጀምሩት ከኋላ ነው። ሌላ የሚያጫውተኝ ሰው አልነበረኝም።

«ቲቸር፣ መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ይሄን ካሴት ስጨርስ» አሉ እየሳቁ።

አመንኳቸው። በማግስቱ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልዬ እንሰቱ ሥር ቀበርኩት። ቲቸር አልጋቸውን ሳይቀር ገልብጠው ፈለጉ። እናቴ እኔን በዓይኗ ስትመረምር ግን እሳቸው ከለከሏት።

«ተይ፣ አትቆጫት። ቋንቋውን እዚያው እደርስበታለሁ። እዚህ የምለማመደው መሄዱን ነበር።»

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ፣ ካሴቱ ከሌለ እንደማይሄዱ ብቻ ነው። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍላቸው ተጠርጎ ተቆልፏል።

«ሲጠብቁሽ ነበር» አለች እናቴ፣ «መኪናው ግን አልጠበቀም።»

አልቅሼ እንኳ አልወጣልኝም። ዛሬም ለሥራ ተመድቦ ቦንጋ ከመጣ ሰው ጋር ስተዋወቅ፣ ከስሙ በፊት የምጠይቀው መቼ እንደሚቀየር ነው።