ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይተኛም

ጣልያኖቹ ከአዘዞ እስከ ጎንደር ማኪና ሊሽቀዳደሙ ነው ሲባል መጀመሪያ የሣቅሁት እኔ ነኝ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ። ሣቄ የቆየው ግን ታላቅ ወንድሜ፣ አያ የምለው፣ ከሁሉ በከፋው ጠምዛዛ ላይ ባንዲራ ይዞ እንዲቆም እስኪመደብ ድረስ ነው።

ሁለታችንም የመንገድ ሠራተኞች ነበርን። ዘመዶቻችን አርማጭሆ በረሃ ገብተው ሲዋደቁ እኛ ለጠላት ድንጋይ እንጠርባለን፤ እሱ ራሱን የቻለ እፍረት ነው፣ አሁን አልገባበትም። ለእሽቅድምድሙ አደጋ ቢደርስ የሚረዱ ጥቂት ሰዎች ከመሐላችን መረጡና አንድ ጣልያን ሐኪም በአስተርጓሚ ያሠለጥነን ጀመር። ማኪና ሲቃጠል አሸዋ እንጂ ውሃ እንዳንደፋ፣ ከኋላ የሚመጣው ሳይቆም አስፋልቱ ላይ እንዳንገባ አሳየን። እስከዚህ ሸጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቃሬዛ አስመጣና አንዳችሁ እንደ ቆሰለ ሆኖ ይተኛ አለ። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። በእኛ አገር ቃሬዛ ላይ የሚወጣ ወይ የታመመ ነው ወይ የሞተ፤ ጤነኛ ሰው ተሸከሙኝ ቢል ሞትን በገዛ አፉ መጥራቱ ነው። ሐኪሙ አያን ጠቆመው። አያ ግን ምን አለበት ብሎ ጋቢውን ያወልቅ ጀመር። እጁን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሚስትህ እርጉዝ ናት፣ ምነው ሟርት ትጠራለህ ብዬ ለመንሁት፤ አስተርጓሚውንም እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ተወን። በምትኩ አንድ ጆንያ ገብስ አምጥተን ቃሬዛው ላይ አጋደምን።

ሐኪሙ የዚያን ዕለት ከመሄዱ በፊት፣ አራት ሰው ሲያነሣ አምስተኛው የቁስለኛውን ራስና አንገት ደግፎ ይያዝ ብሎ ደጋግሞ አስነገረን። አምስተኛው እኔ ነበርሁ። ጆንያ ምን ራስ አለው? አንድ ሁለት ቀን ጫፉን ደገፍ አድርጌ ሮጥሁ፤ በኋላ እሱንም ትቼ መሐሉን ማገዝ ጀመርሁ። አራቱ ተሸካሚዎችም ሲያግዟቸው ፈጠኑ። ሰዓት የሚይዝልን ወታደር ጎበዞች አለን፤ እኛም ኮራን።

የእሽቅድምድሙ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አምስታችን ቃሬዛው አጠገብ ቆመናል። አያ ከእኔ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆሟል። አንድ ማኪና ባለፈ ቁጥር እሱ መቆሙን አያለሁ፣ እመቤቴን አመሰግናለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላው ይመጣል። አራተኛው ጠምዛዛውን ሳተ። አቧራው ገለጥ ሲል አያ ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ስደርስ ዓይኑን ከፍቶ አየኝ።

«አይዞህ፣ ወገቤን ብቻ ነው» አለኝ። ሁለቱንም እግሮቹን ሰብሰብ አደረገ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰብሰብ አድርጓቸዋል።

አነሣነው። እንደ ለመድነው፣ ባንድ ጊዜ፣ በሩጫ። እኔ የያዝሁት ወገቡን ነው። ሐኪሙ ከወዲያ ማዶ እጁን እያወናጨፈ ሲጮኽ ፍጠኑ ያለን መስሎን ጨመርንበት። ቃሬዛው ላይ ስናሳርፈው ነው ራሱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ያየሁት።

ከዚያ በኋላ አያ እጁንም እግሩንም ማዘዝ አልቻለም። ልጁ ሲወለድ ደረቱ ላይ አስተኙለት፤ ማቀፍ ስላልቻለ እኔ ከጎን ደግፌ ያዝሁለት። ሁለታችን ብቻ ስንቀር በዓይኑ ጠራኝና ጠጋ አልሁ።

«ያን ቀን ራሴን የያዘልኝ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ አያ» አልሁት።

«አውቄዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገድለኝ ነበር» አለና እግዜር ይስጥህ ብሎ መረቀኝ። እኔም አሜን አልሁ።